‹‹ሃ›› ተጽፎ ‹‹ዋ›› ይነበባል

የጃፓንኛ ትምህርታችን የተደናቀፈው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ገና በመጀመሪያው! ሦስት ሆነን ነበር የጀመርነው፤ አንዳችን በአኒሜ ፍቅር፣ አንዳችን በስኮላርሺፕ ተስፋ፣ አንዳችን ደግሞ ሁለቱ ስለሄዱ ብቻ። ያለን ነገር ቢቆጠር ፎቶ ኮፒ የተደረገ መጽሐፍ፣ ባለ መስመር ደብተር፣ እና ጃፓን ተምረው የተመለሱ፣ ሁላችንም ‹‹ጋሼ›› የምንላቸው አንድ አስተማሪ ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ 46ቱን የሂራጋና ፊደላት ሸመደድናቸው። ‹‹ሀ ሁ ሂ ሃ›› እያለ ፊደል ለቆጠረ ሰው ሂራጋና አያስፈራም፤ እሱም ‹‹ካ ኪ ኩ ኬ ኮ›› እያለ ነው የሚወርደው፤ ተነባቢና አናባቢው እንደኛው በአንድ ምልክት ታዝሎ ይመጣል። ‹‹ይሄማ የኛው ነው›› ብለን ትንሽ ጎረርን።

ከዚያ ጋሼ ሰሌዳው ላይ ‹‹እኔ ተማሪ ነኝ›› የሚለውን በጃፓንኛ ጻፉ። በኅብረት አነበብን፦ ‹‹ዋታሺ ሃ ጋኩሴይ ዴስ።››

ጋሼ ሳቁ። ‹‹ዋታሺ ዋ›› አሉን።

‹‹ጋሼ፣ የተጻፈው ግን ‹ሃ› ነው እኮ!››

‹‹አዎ፣ የተጻፈው ‹ሃ› ነው። የሚነበበው ‹ዋ› ነው።››

‹‹ለምን?››

‹‹እንደሱ ስለሆነ ነዋ!››

እዚህ አገር ተምሮ ላደገ ሰው ‹‹እንደሱ ስለሆነ›› አዲስ መልስ አይደለም። ስንቱን ነገር እንደሱ ስለሆነ ብለን አልፈነዋል። ይህቺን ግን ማለፍ አቃተን፤ ምክንያቱም ምልክቷ በየመስመሩ ትመጣለች፤ በግራ በኩል አንድ የቆመ ሰረዝ፣ በቀኝ በኩል መስቀል መሳይ ነገር ከታች ዞሮ ተቋጥሮ፣ እንደ ገመድ። ‹‹አበባ›› ሲሉ ‹‹ሃ›› ናት፤ ከስም ኋላ ተለጥፋ ስትመጣ ‹‹ዋ››። እናም ሰዋስውን ትተን ታሪኳን ማሳደድ ጀመርን። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። መነኩሴ አለበት፣ ፖርቱጋላዊ ሚስዮናዊ አለበት፣ ልብ ወለድ የሚጽፍ የጦር ሐኪም አለበት፣ አሸናፊ ጦር አለበት፣ ለማውራት የሚከብድ አንድ ሳምንትም አለበት። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው፤ እያቀነሱ መቁጠር ለሚወዱ ወዳጆቻችን ይቅርታ።)

‹‹ዋ››ስ?

መጀመሪያ ይህቺ ድምፅ ምን እንደምትሠራ እንነጋገር። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ‹‹ዳቦ በላሁ›› ብሎ ላደገ ሰው ይህ እፎይታ ነው። ከስሞች ኋላ ደግሞ ትንንሽ ቃላት ይለጠፋሉ። አንዷ ‹‹ሞ›› ናት፤ ‹‹ዋታሺ ሞ›› ማለት ‹‹እኔም›› ነው፤ ‹‹ም›› ማለት ‹‹ሞ››፣ ከዚህ የቀለለ ትርጉም ከየት ይመጣል? ሌላዋ ‹‹ዎ›› ተብላ ተጽፋ ‹‹ኦ›› ትነበባለች (የሷም ነገር ያው ነው)፤ ሥራዋ ‹‹ዳቦውን›› ስንል ‹‹ን›› የምትሠራው ሥራ ነው። ከዚህ ተነስቶ ‹‹ለካ ዘመዳሞች ነን›› ብሎ ለመጻፍ የሚቸኩል አይጠፋም፤ አይደለንም። አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ጃፓንኛ ከሪዩኪዩ ደሴቶች ቋንቋዎች በቀር በርግጠኝነት የታወቀ ዘመድ የለውም። መንገድ ላይ ተያይተው የተመሳሰሉ ሁለት ሰዎች በሏቸው።

‹‹ዋ››ስ? መልሱ እዚሁ ጥያቄያችን ውስጥ ተለጥፏል። ‹‹እኔ ሄድኩ፤ አንተስ?›› ስንል ‹‹ስ›› አዲስ አርእስት ትከፍታለች፤ ‹‹ስለ አንተ ካነሳን›› እንደ ማለት። ‹‹ዋ›› እንደዚያ ናት። ‹‹ዋታሺ ዋ ጋኩሴይ ዴስ›› ሲተነተን ‹‹ስለ እኔ ከሆነ፣ ተማሪ ነኝ›› ነው። ልዩነቱ የኛ ‹‹ስ›› በጥያቄና በንጽጽር ጊዜ ብቻ ብቅ የምትል መሆኗ ነው፤ ‹‹ዋ›› ግን እንደ ሚኒባስ ረዳት በየፌርማታው ትጮኻለች።

አኪራ ሚካሚ የሚባል ጃፓናዊ የሒሳብ አስተማሪ በ1960 ባወጣው መጽሐፍ ስለዚህች ቅንጣት ብዙ ተሟግቷል። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ‹‹ዞ ዋ ሃና ጋ ናጋይ›› ይላል። ቃል በቃል ‹‹ዝሆን፣ አፍንጫ ረጅም ነው››። (ጃፓኖች ኩምቢንም አፍንጫ ነው የሚሉት።) በአውሮፓ ሰዋስው የሠለጠኑ ሊቃውንት እዚህ ላይ ተቸገሩ። ባለቤቱ ማነው? ዝሆኑ ነው ወይስ አፍንጫው? ሁለት ባለቤት ያለው ዓረፍተ ነገር እንዴት ይኖራል? ሚካሚ ‹‹ባለቤት›› የሚለውን የተዋሳችሁትን ሐሳብ ጣሉት፣ ጃፓንኛ አርእስት ነው ያለው ብሎ አረፈው። እኛ ይህን ስናነብ መጀመሪያ ክርክሩ ራሱ አልገባንም ነበር። ‹‹ዝሆን ኩምቢው ረጅም ነው›› ምኑ ያጣላል? ‹‹እኔ ራሴን አመመኝ›› የሚል ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሊቅ አያስፈልገውም።

ደግሞ ሰዋሰኞቹ ብዙ ቀለም ያፈሰሱበት ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ምግብ ቤት የገባ ጃፓናዊ እባብ የሚመስለውን ዓሣ ሲያዝ ‹‹ቦኩ ዋ ኡናጊ ዳ›› ይላል። ወደ አውሮፓ ቋንቋ በቁሙ ቢመለስ ‹‹እኔ ዓሣ ነኝ›› ነው። የውጭ ተማሪዎች ይስቃሉ። እኛ ግን ምሳ ሰዓት ላይ አስተናጋጁ ሳህን ይዞ ‹‹ሽሮ ማነው?›› ሲል ‹‹እኔ ነኝ!›› እያልን እጅ የምናወጣ ሰዎች ነን።

የላሉ ከንፈሮች

ትርጉሙ እንዲህ ገባን እንበል፤ አጻጻፉስ? በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ ናራ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ ዛሬ ‹‹ሃ›› የሚባለው ድምፅ ‹‹ፓ›› እንደነበር አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። ኡኤዳ ካዙቶሺ የተባለ የቋንቋ ምሁር በ1898 ባወጣው ጽሑፍ ነው ነገሩን በደንብ የገፋው። ዛሬ አበባ ‹‹ሃና›› ነው፤ ያኔ ‹‹ፓና››። ከዚያ ከንፈሮች ቀስ በቀስ ላሉ። ‹‹ፓ›› ወደ ‹‹ፋ›› ሄደ፤ የኛ ጥርስና ከንፈር የሚነካካበት ‹‹ፈ›› ሳይሆን ሻማ ስናጠፋ ከሁለት ከንፈራችን መሐል የሚወጣው ዓይነት። ቃሉ መጀመሪያ ላይ ከሆነ በዚያው ‹‹ፋ›› ለብዙ መቶ ዓመታት ቆየ፤ ኋላ ላይ ነው ከንፈሩን ጨርሶ ትቶ ‹‹ሃ›› የሆነው። በቃል መሐል፣ በሁለት አናባቢ መካከል ሲገባ ግን ይበልጥ ላላና በ11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ‹‹ዋ›› ሆኖ ቀረ።

ይህ እንግዳ ነገር የሚመስለው ካለ ‹‹አበበ›› የሚለውን ስም በፍጥነት ይጥራና ከንፈሩን ያዳምጥ፤ ‹‹በ›› የምንላት ፊደል በትክክል አትዘጋም፣ ትላላለች። ግእዙ ‹‹ሰብእ›› ያለውን ነው አማርኛ ‹‹ሰው›› ያደረገው። ከንፈር ሰነፍ ነው፣ የትም አገር።

አሁን ወደ ቅንጣቷ እንመለስ። ራሷን ችላ የምትቆም ቃል ብትሆን ኖሮ ‹‹ሃ›› ትባል ነበር፤ እንደ አበባዋ። ‹‹ዋ›› የሆነችው ብቻዋን ቆማ ስለማታውቅ ነው። ሁልጊዜ ከፊቷ ባለው ስም ላይ ተንጠልጥላ ትመጣለች፣ ልክ እንደኛ ‹‹ስ››። ምላስም እንደ ቃል መሐል ቆጥሮ አላላት። እጅ ግን የለመደውን መጻፉን ቀጠለ። ስለዚህ በየመስመሩ ላይ የምናያት ያቺ ገመድ መሳይ ፊደል ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበረ አፍ ፎቶግራፍ ናት። ፊደሏ ራሷ የተወለደችው ‹‹ማዕበል›› የሚል ትርጉም ካለው የቻይና ምልክት ነው፤ ድምፁን ብቻ ተውሰው፣ በችኮላ እየጻፉ እየጻፉ እንዲህ አቀለሏት።

ከሁሉ ደስ ያለን ማስረጃ ግን እንቆቅልሽ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሠ ነገሥት ጎ-ናራ ስም የሚታወቅ የእንቆቅልሽ ስብስብ አለ። ከውስጡ አንዱ በኛ አባባል ሲቀርብ እንዲህ ነው። እንቆቅልሽ? (ምን አውቅልህ በሉ።) ለእናት ሁለቴ ይገናኛሉ፣ ለአባት አንዴም አይገናኙም። ምንድን ናቸው? መልሱ ከንፈሮች ነው። ዛሬ በጃፓንኛ እናት ‹‹ሃሃ››፣ አባት ‹‹ቺቺ›› ነው። ‹‹ሃሃ›› ስትሉ ከንፈራችሁ አንዴም አይገናኝም፤ እንቆቅልሹ ቀልዱ ጠፍቶበት ለመቶ ዓመታት ተቀመጠ። ሺንሙራ ኢዙሩ የተባለው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ነው ምስጢሩን አንስቶ ያሳየው፤ እንቆቅልሹ ሲፈጠር እናት ‹‹ፋፋ›› ነበረች። ሁለት ጊዜ ከንፈር። አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለ ሰው ለጨዋታ ብሎ የተናገረው ነገር የዘመኑን ድምፅ ቀርጾ አስቀረልን፤ ማንም ግን እየቀረጸ መሆኑን አላወቀም።

ከኛ በፊት የነበሩ ጀማሪዎች

ሌላው ማስረጃ የመጣው እንደኛ ተደናቅፈው ከወደቁ ሰዎች ነው። ፖርቱጋሎች። ኢየሱሳውያን (ጀዝዊት) ሚስዮናውያን በ1590 ወደ ጃፓን ማተሚያ አስገቡና በ1592 አማኩሳ በተባለው ደሴት ላይ አንድ መጽሐፍ ማተም ጀመሩ። ‹‹ሄይኬ›› የተባለውን የታወቀ የጦርነት ታሪክ ወስደው፣ በጊዜው ወደሚነገረው ጃፓንኛ አቅልለው፣ በላቲን ፊደል ነው ያተሙት። ርእሱ ላይ መጽሐፉ የጃፓንን ቋንቋና ታሪክ መማር ለሚፈልጉ ሰዎች መሆኑን ይናገራል። የጀማሪ መማሪያ መጽሐፍ ማለት ነው! የኛ ፎቶ ኮፒ ቅድመ አያት። ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን ለንደን፣ ብሪትሽ ላይብረሪ ውስጥ ይገኛል።

ፖርቱጋሎቹ የጻፉት በጆሯቸው የሰሙትን ነው፤ የቆየ ልማድ አላሰራቸውም። ርእሱ ላይ ያለችው አገር ‹‹ኒፎን›› ናት፣ ሰው ‹‹ፊቶ›› ነው (ዛሬ ‹‹ሂቶ››)። ውስጡን ሲገልጡት ደግሞ አበባዋ ‹‹ፋና››፣ ቅንጣቷ ‹‹ዋ››፤ በግልጽ፣ በተለያየ ፊደል። ለጃፓኖቹ አንድ ፊደል የነበረው ለባዕድ ጆሮ ሁለት ድምፅ ነበር። በ1603 ደግሞ 32,000 ያህል ቃላት የያዘ የጃፓንኛና የፖርቱጋልኛ መዝገበ ቃላት ናጋሳኪ ላይ ታተመ፤ ከዚያ ገና በልጅነቱ ጃፓን የገባው ዣዎ ሮድሪጌሽ ከ1604 እስከ 1608 ሰፊ የሰዋስው መጽሐፍ አወጣ። ሰውየው የሂዴዮሺና የኢዬያሱ አስተርጓሚ እስከመሆን የደረሰ ነው። በ1610 ከአገር አስወጡት፤ በ1633 ሞተ፣ ጃፓንን ዳግም አላያትም።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም እንበል። መዝገበ ቃላቱ በወጣበት በዚያው በ1603 የሮድሪጌሽ ማኅበር ባልደረባ ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ ገባ። እኛ ቤት ሱስንዮስ፣ ደም መፋሰስ፣ ከዚያ በ1632 ፋሲለደስ ነግሦ ኢየሱሳውያኑን ማባረር። እነሱ ቤት በ1614 ክርስትናን መከልከል፣ በ1639 ፖርቱጋሎችን ጠራርጎ ማስወጣት። ሁለት አገሮች፣ ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ በሩን ለአንድ እንግዳ ዘጉ። ለታሪክ አጥኚው ግን እንግዳው የጻፈው ቀረለት።

በሩ ተዘግቶ ሳለ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኬይቹ የተባለ ቡድሃዊ መነኩሴ (1640–1701) የጥንቱን የግጥም መድብል ማንዮሹን ሲመረምር አንድ ነገር አስተዋለ። ዘመነኞቹ ፊደሎቹን እንደመጣላቸው ያቀያይራሉ፤ የጥንቶቹ ግን አያቀያይሩም ነበር። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ጽኑ አጻጻፍ ነበረው። በ1695 በታተመ መጽሐፉ ወደ ጥንቱ እንመለስ አለ። ከዚያ ወዲህ ‹‹ትክክለኛ›› አጻጻፍ ማለት የማንም አፍ የማይለውን መጻፍ ሆነ።

የጦር ሐኪሙ እና የፊደል ጦርነት

የሜይጂን ዘመን በአጭሩ እንለፈው፤ ብዙ ኮሚቴ አለበት፣ ኮሚቴ ደግሞ የትም ኮሚቴ ነው። በ1900 መንግሥት ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ለአንድ ድምፅ የነበሩትን ብዙ ብዙ የሂራጋና ቅርጾች ለትምህርት ቤት አንድ አንድ ብቻ አስቀረ። አዎ፣ ጃፓኖችም ሞክሼ ፊደላት ነበሯቸው፤ በደንብ ነው የሻሩዋቸው። ሁለተኛ፣ ከቻይና ለመጡ ቃላት እንደሚነገረው መጻፍ የሚያስችል ዘዴ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አስገባ። የመጀመሪያው ጸና፤ ሁለተኛው በ1908 ተሻረ። ከተቃዋሚዎቹ መሐል የዘመኑ ታላቅ ልብ ወለድ ጸሐፊና የጦሩ ከፍተኛ ሐኪም ሞሪ ኦጋይ ነበር። በ1924 ደግሞ ሌላ የለውጥ ረቂቅ መጣ፤ እሱንም ደራስያኑ፣ አኩታጋዋ ሪዩኖሱኬ ሳይቀር፣ ተነሱበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኛም ጃፓንን እያየን ነበር። የ1931ዱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከሜይጂው የ1889 ሕገ መንግሥት የተቀዳ ነው፤ በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ሄደው ተመለሱና ‹‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን›› የሚለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። ርእሱን ልብ ብላችሁ እዩት። ‹‹ማኅደር›› በብዙኃኑ ኀ፣ ‹‹ሀገር›› በሃሌታው ሀ። አንድ ድምፅ፣ ሁለት ፊደል፣ በአንድ ርእስ ውስጥ። አንዴ በግእዝ ሁለት ድምፅ የነበሩ ናቸው፤ ምላሳችን ቀላቀላቸው፣ እጃችን አልቀላቀላቸውም። ለሞክሼዎቹ የሚሟገቱ ሰዎች ‹‹ሠረቀ›› እና ‹‹ሰረቀ››ን ነው የሚጠቅሱት፤ አንደኛው ወጣ ነው፣ ሌላኛው ዘረፈ። ፀሐይ የምትወጣበትን አገር በተሳሳተ ሰ ብትጽፉ ፀሐይቱን ሌባ ታደርጓታላችሁ። እስኪ አሁን ‹‹ሃ ተጽፎ ዋ›› ብለን ጃፓኖች ላይ የምንስቀው በምን አፋችን ነው?

አሥራ አምስት የን ከሃምሳ ሴን

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ይመስላል። መስከረም 1 ቀን 1923 እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ቶኪዮና ዮኮሃማን መሬት መንቀጥቀጥና እሳት አወደማቸው። ወደ 105,000 ሰው አለቀ። ጭሱ ሳይጠፋ ‹‹ኮሪያውያን የውኃ ጉድጓድ እየመረዙ ነው›› የሚል ወሬ ተነዛ። ጃፓን ኮሪያን በቅኝ ግዛት ከያዘች 13 ዓመት ሆኗት ነበር፤ ለእንጀራ የመጡ ብዙ ኮሪያውያን ሠራተኞች ከተማው ውስጥ ነበሩ። ዱላና ጎራዴ የያዙ የሰፈር ጠባቂዎች መንገድ ላይ ቆመው አላፊውን ያስቆሙ ጀመር።

ኮሪያዊና ጃፓናዊ በመልክ አይለይም። ስለዚህ ፈተናው የቋንቋ ፈተና ሆነ። ‹‹ጁጎ ኤን ጎጂሰን በል!›› አሥራ አምስት የን ከሃምሳ ሴን ማለት ነው። በኮሪያኛ ቃል ሲጀምር ‹‹ጀ›› እና ‹‹ገ›› እንደ ጃፓንኛው አይጎሉም፤ ወደ ‹‹ቸ›› እና ‹‹ከ›› ይጠጋሉ። ‹‹ቹኮ ኤን ኮቺሰን›› ያለ ሰው ተገደለ። ወታደርና ፖሊስም እጃቸው አለበት። የተገደሉት ስንት ናቸው የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ ብዙዎች የሚጠቅሱት በሺዎች ነው። በመስከረም 6 ደግሞ ቺባ ውስጥ ፉኩዳ በምትባል መንደር ዘጠኝ ጃፓናውያን አዟሪ ነጋዴዎች ተገደሉ፤ ሕፃናትም ነበሩበት። ከካጋዋ የመጡ ነበሩ፤ የአገራቸው አነጋገር ለመንደሩ ሰው እንግዳ ስለሆነበት ኮሪያውያን ናቸው ብሎ ነው።

ይህን ካነበብን በኋላ ለጥቂት ቀን ደብተራችንን አልከፈትንም። እኛ ‹‹ዋታሺ ሃ›› ብለን ስንሳሳት ጋሼ ሳቁልን። ጀማሪ መሆን ለኛ መዝናኛ ነው። የዚያን ሰሞን ግን ጀማሪ መሆን ነፍስ ያስከፍል ነበር። ደግሞ ሩቅ አገር ስለሆነ ብቻ አንዝናና፤ እዚሁ ቤታችን ፈረንጅ ‹‹አመሰግናለሁ›› ካለ እናጨበጭብለታለን፤ አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ የተማረ ያገራችን ልጅ ‹‹እሱ መጣች›› ሲል ግን ለሳምንት የሚበቃ ቀልድ እንሠራበታለን። እኛም ሠርተናል። ክፍል ውስጥ፣ ዶርም ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ። ቀልዱን ስንናገር እሱም አብሮን ይስቅ ነበር፤ ለምን እንደሚስቅ ጠይቀነው አናውቅም።

ግማሽ ለውጥ

በነሐሴ 1945 ጃፓን ተሸነፈች፤ አሜሪካኖች ገቡ። በመጋቢት 1946 የመጣው የአሜሪካ የትምህርት ልዑክ ፊደላችሁን ጥላችሁ በላቲን ጻፉ እስከማለት ደረሰ። ጃፓኖቹ ያን አልተቀበሉም፤ ግን ለዓመታት ኮሚቴ ሲበላው የኖረው ለውጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ወጣ። ኅዳር 16 ቀን 1946 በየዕለቱ የሚሠራባቸው የቻይና ምልክቶች 1,850 ሆነው ተወሰኑ፤ ሂራጋናም በአዲስ ደንብ ‹‹እንደምትናገሩት ጻፉ›› ተባለ። ሕገ መንግሥቱ የታወጀው ከዚያ 13 ቀን በፊት፣ ኅዳር 3 ነው፤ ስለዚህ ‹‹አዲሲቱ ጃፓን›› የተባለችው አገር መሠረታዊ ሕጓ እስከዛሬ በአሮጌው አጻጻፍ ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ዓይነት ነገር እንወዳለን።

በቃል መሐል ‹‹ዋ›› እየተባለ ‹‹ሃ›› ይጻፍ የነበረው ሁሉ ተስተካከለ። ሦስት ቅንጣቶች ብቻ ቀሩ፤ የአርእስቷ ‹‹ሃ››፣ የተሳቢዋ ‹‹ዎ››፣ እና አቅጣጫ የምታሳየው፣ ‹‹ሄ›› ተጽፋ ‹‹ኤ›› የምትነበበው። ለምን እነሱ? እኛ እንደሚመስለን በጣም ስለሚመላለሱ ነው። እነሱን መንካት እያንዳንዱን መስመር መንካት ነው፤ ለዓይን አገሩ በሙሉ ይለወጣል። ደግሞ ጃፓንኛ በቃላት መካከል ክፍተት ትቶ አይጽፍም፤ እነዚህ ፊደሎች ‹‹ቃሉ እዚህ አለቀ›› የሚል ምልክት ሆነው ያገለግላሉ። ፉኩዳ ሱኔያሪ የተባለው ሃያሲ በ1960 ባወጣው መጽሐፍ አዲሱን ደንብ ክፉኛ ተችቷል፤ ወይ ታሪክን ተከተሉ ወይ ድምፅን፣ ይሄ የሁለቱም አይደለም ዓይነት ነው ክርክሩ። በአመክንዮ ያሸነፈ ይመስለናል። በተግባር ግን ማንም አልተከተለውም።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የ1946ቱ ደንብ ቅንጣቷ በ‹‹ሃ›› መጻፏ ‹‹ዋናው ደንብ ነው›› ብሎ ነው ያለፈው፤ በ‹‹ዋ›› የሚጽፍ ሰው ፈጽሞ ተሳስቷል አላለም። ትንሽ በር ክፍት ተትቷል። በሐምሌ 1 ቀን 1986 የወጣው የካቢኔ ማስታወቂያ ነው በሩን የዘጋው፤ ሦስቱ ቅንጣቶች በአሮጌው ፊደል ይጻፋሉ አለ። ምክንያቱስ? የአጻጻፍ ልማድን ለማክበር ሲባል። ማለትም፣ የጃፓን መንግሥት ካቢኔ ለጥያቄያችን የሰጠው መልስ በቁሙ ሲተረጎም ‹‹እንደሱ ስለሆነ›› ነው!

ያ ማስታወቂያ በምሳሌነት ከጠቀሳቸው አንዱ ‹‹ኮንኒቺዋ›› ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ሰላምታ። እሱም የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ‹‹ኮንኒቺ›› ዛሬ ማለት ነው፣ ‹‹ዋ›› ያችው ቅንጣት ናት። ‹‹ዛሬስ…›› ብሎ መተው። ዛሬስ ምን? ደኅና ነህ፣ ሞቋል፣ በርዷል፣ የቀረው በሆድ ይታወቃል። የመጨረሻዋ ፊደል ስለዚህ ‹‹ሃ›› ናት። ብዙ ጃፓናውያን ወጣቶች ግን በስልካቸው ሲጻጻፉ በ‹‹ዋ›› ይጽፏታል፤ ዓረፍተ ነገር እንደነበረች ረስተው አንድ ቃል አድርገዋታል።

ሁለቱ ስለሄዱ ብቻ የመጣው ጓደኛችንም ፈተና ላይ እንደዚያው በ‹‹ዋ›› ጻፋት። ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ አከበቧት። ልጁ ግን ዝም አላለም፤ ያነበብነውን ሁሉ ታጥቆ ተነሳ፦ ‹‹ጋሼ፣ በ1946ቱ ደንብ መሠረት እኮ ይሄ ፈጽሞ ስሕተት አይባልም።››

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ለካስ ሁሉንም ያውቁ ኖሯል።

‹‹ያ በር በ1986 ተዘግቷል፣ ልጄ›› አሉና ግማሽ ማርክ ቀነሱበት።